የእመጫት ሐቅ፤ ልጆችን ስለ ማራራቅ በባልና በሚስት መካከል ሊደረግ ስለሚገባው ምክክር

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም።

ምስጋና ሁሉ ሰውን ከደካማ ጠብታ ለፈጠረው፣ በእናቱ ማሕፀን ጠብቆ ላሳደገው፣ ከተወለደም በኋላ ሲሳዩን በእናቱ ጡት ላዘጋጀለት ለአላህ ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም ለቤተሰባቸው ከሰዎች ሁሉ መልካም በነበሩት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። አላህን መፍራት በመስጊድ ውስጥ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በሱቅ ውስጥ በሚዛኑ ላይ ይታያል፤ በቤትም ውስጥ፣ ደጁ ከተዘጋ በኋላ፣ ባል ለሚስቱ በሚያደርገው ነገር ይታያል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ነገሩ ለብዙ ሰዎች የሚያሳፍር መሆኑን አውቃለሁ። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ዳሩ ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት፣ ሐያእ ሃይማኖታቸውን ጠይቀው ከመረዳት ስላልከለከላቸው እንደ ነበረ እናስታውስ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከዙህር ሰላት በኋላ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከሚስቱ ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ተደብቆ፣ የጤና ጣቢያ የቀጠሮ ካርድ አግኝቷል። ሚስቱ በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋ ኖሯል።

«ሸኻችን፣ ሚስቴ አታለለችኝ፤ ልፈታት ነው የመጣሁት» አለኝ።

«ስንት ልጆች አሏችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አራት፤ አልሐምዱሊላህ።»

«የመጨረሻው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዓመት አልሞላውም፤ ዘጠኝ ወሩ ነው።»

«ከእርሱ በፊት ያለውስ?»

ጥቂት ዝም ብሎ በጣቶቹ ቆጠረ። «እርሱም ሁለት ዓመት አልሞላው» አለ።

«በመጨረሻው ወሊድ ጊዜ እንዴት ነበረች?»

«ብዙ ደም ፈሰሳት። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛች።»

«ከዚያስ በኋላ ስለሚቀጥለው ልጅ ምን ተነጋገራችሁ?»

«ምን እንነጋገራለን? ይህ የአላህ ሥራ ነው» አለ።

«ባለፈው ጊዜ ከሸሪክህ ጋር ዕቃ ልትገዙ ስታስቡ ስንት ቀን ተነጋገራችሁ?» አልሁት።

አንገቱን ደፍቶ «ሳምንት ሙሉ» አለኝ።

የዚህን ሰው ነገር መጨረሻ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ወንድሞቼ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህች ሴት ካርዱን ከልብስ ሥር የደበቀችው ምን አስገድዷት ነው? እመጫት ልጆችን ለማራራቅ ስትመርጥ ወይም መምረጥ ሲያቅታት፣ እጇን የሚይዟትና የሚገፏት ነገሮች ምንድን ናቸው?

በመጀመሪያ የአላህን ኪታብ እንመልከት። በሱረቱል በቀራህ በ233ኛው አንቀጽ አላህ ስለ ማጥባት ሥርዓት ደንግጓል። ማጥባቱን ለማሟላት ለሚፈልግ ጊዜው ሁለት ሙሉ ዓመት እንደ ሆነ፣ የእናቲቱ ምግብና ልብስ በአባት ላይ እንደ ሆነ፣ ነፍስም ከዐቅሟ በላይ እንደማትገደድ፣ እናት በልጅዋ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዳ ነግሮናል። ከሁለት ዓመት በፊት ጡት ሊያስጥሉ ቢፈልጉ ደግሞ ይህን የሚያደርጉት በሁለቱም ውዴታና በመመካከር እንዲሆን አዘዘ።

ይህን አስተውሉ። ጡት ማስጣል በሰዎች ዐይን ትንሽ ነገር ነው፤ ብዙ ባሎች «የሴቶች ጉዳይ» ብለው አያስቡበትም። አላህ ግን ይህን ትንሽ የሚመስለውን ነገር አንዱ ብቻውን እንዳይቈርጠው ከለከለ፤ መዋደድና መመካከር የሚሉ ሁለት ቃሎች አኖረበት። ሕፃኑ ጡት የሚተውበት ቀን ምክክር የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ሌላ ሕፃን በዚያው ማሕፀን የሚያድርበት ጊዜ ምክክር አያስፈልገውምን? አንደኛው የእናቲቱን ወተት የሚመለከት ነው፤ ሁለተኛው ግን ደሟንና ሕይወቷን የሚመለከት ነው።

ቀጥሎ ዑለማዎች ያሉትን እንመልከት። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሶሓቦች ዐዝል ያደርጉ ነበር፤ ይህም ባል ዘሩን ከማሕፀን ውጭ ማፍሰሱ ነው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ቁርአን በሚወርድበት ጊዜ ይህን ያደርጉ እንደ ነበር ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ኪታቦች ይገኛል። በሌላ በኩል ጁዳማ ቢንት ወህብ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ በሙስሊም ኪታብ ያለው ሐዲስ ዐዝልን የሚያከብድ ነው። አብዛኞቹ ዑለማዎች ሁለቱን አስታርቀው ነገሩ ሐራም እንዳልሆነ፣ ያለ ምክንያት ሲሆን ግን መተዉ እንደሚሻል አስረድተዋል። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀብ ዑለማዎች በጠቅላላው ባል ያለ ሚስቱ ፈቃድ ዐዝል እንዳያደርግ ይላሉ፤ በሻፊዒዎች ዘንድ ግን በዚህ ላይ ሰፋ ያለ አነጋገር አለ። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል ገዛሊም፣ እርሳቸው ሻፊዒ ሲሆኑ፣ በኢሕያእ ኪታባቸው በጋብቻ ምዕራፍ ሚስትን ከወሊድ አደጋ ለመጠበቅ ተብሎ የሚደረገውን ከሚፈቀዱት ሐሳቦች ቈጥረውታል፤ ሴት ልጅ እንዳትወለድ በመፍራት የሚደረገውን ግን ነቅፈውታል። እንግዲህ ሥራው አንድ ሲሆን ኒያው ይለየዋል።

በቅርብ ዘመንም የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ዐብዱልመጂድ ሰሊም እ.ኤ.አ. በ1937 ባልና ሚስት እርግዝናን ለጊዜው ለመከላከል መፍትሔ መውሰዳቸውን የሚፈቅድ ፈትዋ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1963 የአዝሃር ሸኽ የነበሩት ማሕሙድ ሸልቱትም ለሰው ሁሉ በሕግ የሚጣል ገደብን ተቃውመው፣ ቶሎ ቶሎ ለምትፀንስና ለመሰሏት ግን ማራራቅን ፈቅደዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በኩወይት የተሰበሰበው የእስልምና የፊቅህ አካዳሚ ደግሞ እንዲህ ሲል ወሰነ። የባልና የሚስትን የመውለድ ነጻነት የሚገድብ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት አይፈቀድም፤ ያለ አስገዳጅ ምክንያት መውለድን ለዘለቄታው ማጥፋትም አይፈቀድም፤ ነገር ግን ጉዳት እስከሌለው፣ መንገዱም የተፈቀደ እስከ ሆነ፣ በተፀነሰውም ላይ ወሰን ማለፍ እስከሌለ ድረስ፣ ባልና ሚስት ተመካክረውና ተስማምተው ልጆችን ለማራራቅ ለጊዜው ቢከላከሉ ይፈቀዳል። መመካከር የሚለው ቃል እዚህም መመለሱን ተመልከቱ።

እንግዲህ ነገሩ የተፈቀደ ከሆነ እመጫቲቱን የሚያግዳት ምንድን ነው? በአገራችን በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ100 ባለትዳር ሴቶች 36ቱ አንድ ዓይነት የመከላከያ ዘዴ ይጠቀሙ እንደ ነበር፣ 22ቱ ግን ልጅ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ ምንም እንደማይጠቀሙ አሳይቶ ነበር። በዚያው ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል። ነጋዴዎች ሆይ፣ እናንተ ቍጥር ታውቃላችሁ። ገዢው ዕቃውን እየፈለገ፣ ዕቃውም በገበያ እያለ፣ ሽያጭ ካልተደረገ በመካከል አንድ እንቅፋት አለ ማለት ነው። እንቅፋቶቹን አንድ በአንድ ልናገር።

አንደኛው እንቅፋት ጊዜውን አለማወቅ ነው። ብዙ እናቶች ጡት እስካጠቡ ድረስ፣ ወይም የወር አበባ እስካልመጣ ድረስ፣ ፅንስ አይዝም ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን አታላይ ነው። ሐኪሞች ማጥባት እንዲጠብቅ ሦስት ነገሮች ይሟሉ ይላሉ። ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ይሁን፤ የእናቲቱ የወር አበባ አይመለስ፤ ሕፃኑም ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ይጥባ። ሦስቱ ሲሟሉ ከ100 እናቶች የሚፀንሱት ከሁለት አይበልጡም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን፣ ለምሳሌ አያቲቱ ለሕፃኑ የአብሽ ውኃ ማጠጣት ከጀመረች፣ ዋስትናው ይላላል። የወር አበባ አልታየም ማለትም ዋስትና አይደለም፤ እንቍላሉ ደሙን ቀድሞ ስለሚለቀቅ እናት አንድም ጊዜ ደም ሳታይ ልትፀንስ ትችላለች። የማታጠባዋ ደግሞ አርባ ቀኗ ሳይሞላ እንቍላል ሊለቀቅባት ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት የሚመካከሩት ከአርባው ቀን በፊት መሆን ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ መመካከር ገበያው ከተበተነ ወዲያ ዋጋ እንደ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ስለ ወተትና ስለ ማሕፀን የሚነገረው ወሬ ነው። «መርፌው ወተት ያደርቃል፤ በክንድ የሚቀበረው ማሕፀን ይዘጋል» ይባላል። በዚህ ነገር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ምን እንደ ነበር እንመልከት። ጁዳማ ባስተላለፉት በዚያው ሐዲስ መጀመሪያ ላይ፣ ነቢዩ የምታጠባን ሚስት መገናኘትን ሊከለክሉ አስበው እንደ ነበር፣ ነገር ግን ሮማውያንና ፋርሶች ይህን ሲያደርጉ ልጆቻቸው እንዳልተጎዱ አይተው እንደ ተዉት ተነግሯል። የአላህ መልእክተኛ የሰዎችን ልምድ ከተመለከቱ፣ እኛስ ወሬን ትተን ዐዋቂዎችን ብንጠይቅ ምን ይከለክለናል?

ዐዋቂዎቹ የሚሉት ይህ ነው። ለምታጠባ እናት ለእርሷ የሚስማሙ ዓይነቶች አሉ። አንድ ቅመም ብቻ ያለበት እንክብልና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ከወሊድ በኋላ ቶሎ ሊጀመሩ ይችላሉ፤ ወተትንም እንደሚቀንሱ አልታየም። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ለምታጠባ እናት በአብዛኛው ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ሁለት ቅመም ያለበት የተለመደው እንክብል ግን ለምታጠባ እናት ስድስት ወር እስኪሞላት ባይሰጥ ይመረጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታትማ ጨርሶ አይሰጥም። በማሕፀን የሚቀመጠውን ሉፕ ባለሙያ በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ሊያስገባው ይችላል። መርፌውን ያቆመች ሴት ፅንስ ለመያዝ ጥቂት ወራት ልትዘገይ ትችላለች፤ መካን ግን አትሆንም። ለእያንዳንዷ እናት የሚበጀውን የሚለየው ደም ግፊቷንና ሌላውንም ሕመሟን የሚመረምር የጤና ባለሙያ ነው። የጎረቤት ወሬ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሦስተኛው እንቅፋት ባሎች የማያውቁት፣ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ የማያስቡት ነው፤ እርሱም የኢባዳ ጉዳይ ነው። መርፌው ወይም በክንድ የሚቀበረው በአንዳንድ ሴቶች ላይ የተዘበራረቀ የደም ጠብታ ያመጣል። ሙስሊም ሴት ይህን ስታይ ትጨነቃለች። ሐይድ ነውን? ሰላት ልተው? የረመዳን ጾሜስ? ባሌስ ሊቀርበኝ ይፈቀድለታልን? የምትጠይቀው ሰው ስታጣ ዘዴውን ለማንም ሳትነግር ትተወዋለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሳታስበው ትፀንሳለች። እናንተ ዑለማዎች፣ ይህ የእኛ ጥፋት ነው! ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሜ አይቋረጥም ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያ የደም ሥር እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ፣ የሐይዳቸው ጊዜ ሲያልፍ ታጥበው እንዲሰግዱ አስተምረዋቸዋል። ከሐይድ ወሰን ያለፈው ደም ኢስቲሓዳ ነው፤ ከሰላትም ከጾምም አያግድም። የሐይድ ከፍተኛው ወሰን በሻፊዒዎች ዘንድ 15 ቀን፣ በሐነፊዎች ዘንድ 10 ቀን ነውና፣ እኅቶቼ፣ የቀኖቹን ልክ እየጻፋችሁ በመዝሀባችሁ ዐዋቂ የሆነውን ጠይቁ። በራሳችሁ የምትጠይቁት ቢያሳፍራችሁ ባሎቻችሁን ላኩ። የቀጠሮው ቀን በረመዳን ቢውልም አትፍሩ፤ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 ምግብነት የሌለው፣ በጡንቻ ወይም በቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል።

አራተኛው እንቅፋት ሪዝቅንና ተወኩልን በተሳሳተ መንገድ መረዳት ነው። «እያንዳንዱ ሕፃን ሲሳዩን ይዞ ይመጣል፤ መከላከል በአላህ አለመተማመን ነው» የሚሉ አሉ። ሲሳይ ከአላህ መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ለቆ በአላህ ሊመካ ለጠየቀው ሰው በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነግረውታል። ነጋዴ ሱቁን ሳይቈልፍ «አላህ ይጠብቀዋል» ብሎ አይሄድም። አላህ ሊፈጥር የወሰነውን ማንም እንደማይመልሰው ነቢዩ ስለ ዐዝል ሲጠየቁ አስተምረዋልና፣ ቍልፉ የአላህን ፈቃድ የሚከለክል ነው ብሎ መፍራትም ከንቱ ነው። በሱረቱል ኢስራእ ድህነትን በመፍራት ልጆችን እንዳንገድል የወረደው ትእዛዝም የተወለደን ነፍስ ማጥፋትን የሚመለከት ነው።

ይሁንና ሚዛኑን በሁለቱም በኩል እንጠብቅ። አንዲት ሴት ጤነኛ ሆና፣ ከባልዋ ጋር ተስማምታ፣ ልጅ እወልዳለሁ ብትልና መከላከያ ባትፈልግ ማንም ሊያስገድዳት ወይም ሊያሳፍራት አይገባም። ሳትጠየቅና ሳይገባት የሚደረግባትም ነገር ሁሉ በደል ነው። ሴቲቱን መርፌ እንድትወጋ የሚጫናትም፣ እንዳትወጋ የሚያስፈራራትም፣ ሁለቱም ያንኑ ምክክር አፍርሰዋል።

አምስተኛውና ትልቁ እንቅፋት በቤት ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ባል ለንግድ ወር ሙሉ ይጓዛል፤ ሲመለስ ሚስቱ ልትነግረው ትፈራለች። አማት «እኔ አሥር ወልጄ ምን ሆንሁ» ትላለች። ሦስት ሴት ልጆች በተከታታይ የወለደችውንም «ወንድ እስኪመጣ» ይሏታል፤ አላህ ግን ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻውም ወንዶችን እንደሚሰጥ በሱረቱ ሹራ ነግሮናል። የጤና ሠራተኛዋ የምታስረዳው ለእመጫቲቱ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። እነሆ ካርዱ ከልብስ ሥር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን ከዘዴዎቹ ሁሉ መርፌው በብዛት ይመረጣል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በቤት ውስጥ የማይታይ መሆኑ ነው። ሴት በገዛ ቤቷ ከገዛ ባሏ የምትደበቅ ከሆነ፣ ይህ ለባል ከመቈጣት ይልቅ ሊያሳፍረው የሚገባ ነገር ነው።

አንተ ነጋዴ ወንድሜ! ሸሪክህ ካፒታሉን ሁሉ በንግዱ ቢያፈስስ፣ ከዚያም ያተረፈው ሳይሰበሰብ ሌላ ዕዳ ብትጭንበት፣ ይህን ሰዎች ግፍ ብለው ይጠሩታል። ሚስትህ ደሟን፣ አጥንቷን፣ እንቅልፏን ለልጅህ አበድራለች። የዓለም የጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ የሚቀጥለው ፅንስ ቢያንስ 24 ወራት ቢቈይ ለእናትም ለልጅም እንደሚበጅ ይመክራል። ቁርአንን በሐኪም ቃል ማጽደቅ አያስፈልገንም፤ ነገር ግን አላህ ለማጥባት ያመለከተው ሁለት ዓመት የእናቲቱም ማረፊያ መሆኑን ስናይ ጥበቡን እናመሰግናለን።

ወንድሞቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ከጥፋት ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ወጣት መምህር በነበርሁበት ዘመን አንዲት ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ጠየቀችኝ። «በየዓመቱ እወልዳለሁ፤ ደክሜያለሁ፤ መድኀኒት ብወስድ ይፈቀድልኛልን?» አለችኝ። እኔም ስንት እንደ ወለደች፣ ሐኪም ምን እንዳላት፣ ባሏ ያውቅ እንደ ሆነ፣ አንዲት ነገር ሳልጠይቅ «ታገሺ፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው» ብዬ መለስሁላት። እርሷም «ጀዛከላህ» ብላ ሄደች። ዓመት ሳይሞላ በዚያው መንደር ለጀናዛ ተጠራሁ። በወሊድ የሞተችው እርሷ ነበረች። የሰላተል ጀናዛውን እኔ አሰገድሁ።

ሞት በአላህ ቀጠሮ መሆኑን አምናለሁ፤ በወሊድ የሞተችም የሰማዕታትን ደረጃ እንደምታገኝ በሐዲስ ተነግሯል። ይህ ግን የእኔን መልስ አያጸድቀውም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ራሱን የቈሰለ ሰው ገላውን መታጠብ ግዴታ ሆነበት፤ ጓደኞቹንም ጠይቆ ሳያውቁ «መታጠብ አለብህ» አሉት፤ ታጥቦም ሞተ። ነቢዩ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቈጡ፤ ለማያውቅ ሰው መድኀኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቼ ባስተማርሁ ቍጥር ያቺ ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው ሴት ትታወሰኛለች።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህ ነው። ሚስትህ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ወሯ ሳለች፣ ልጆች በተኙበት ሰዓት ተቀምጠህ ጠይቃት። «ያለፈው ወሊድ ምን አደረገሽ? ምን ትፈሪያለሽ? ምን ትፈልጊያለሽ?» በላት። ከጨረሰች በኋላ አንተም የምትፈልገውን ንገራት፤ ሐቁ የሁለታችሁ ነውና። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብረሃት ሂድ፤ ካልቻልህ ሱቅህን ለአንድ ጧት ዝጋና ልጆቹን ጠብቅ። ሴት ባለሙያ ከፈለገች ሴት ባለሙያ ያለችበትን ቦታ ፈልግላት። በእናትህና በእኅቶችህ ፊትም «እኛ ተመካክረን ያደረግነው ነው» በል፤ ይህች አንዲት ቃል የሚስትህን ጀርባ ከብዙ ሸክም ታሳርፋለች።

እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ባልሽ የሚሰማ ከሆነ አትደብቂው፤ ልጅ የእርሱም ሐቅ ነው። ነገር ግን የታመነ ሐኪም «ሌላ እርግዝና ሕይወትሽን ያሰጋል» ብሎሽ፣ ባልሽም ከነገርሽው በኋላ አልሰማም ካለ፣ ነፍስሽን መጠበቅ ግዴታሽ ነው፤ በሸሪዓ ጉዳት ይወገዳል እንጂ ጉዳት አይጸናም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከቤተሰብሽ ወይም ከዑለማዎች ባልሽን የሚያስረዳ ሽማግሌ ፈልጊ።

ወደዚያ ነጋዴ ልመለስ። በዚያ ቀን ስለ ፍቺ ፈትዋ አልሰጠሁትም። «ወደ ቤትህ ግባና ካርዱን ከወሰድህበት መልሰው። ከዚያም ስለ ካርዱ ሳይሆን ስለዚያ ሦስት ቀን ስለ ተኛችበት ጊዜ ጠይቃት» አልሁት። ከሳምንታት በኋላ መጣ። ያን ሌሊት እስከ ሱብሕ አዛን ድረስ እንዳወሩ ነገረኝ። ሐኪም ቤት በተኛችበት ጊዜ ልጆቿን ለማን እንደምትተው ስታስብ እንደ ነበር ሚስቱ ነገረችው። እርሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ደም ሲያይ ፈርቶ በደጅ እንዳለቀሰ ነገራት፤ እርሷ ይህን አላወቀችም ነበር። «ሸኻችን፣ አሥር ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም» አለኝ። ሊሄድ ሲነሣ ከሂሳብ ደብተሩ መካከል አንዲት ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። የሚስቱ የቀጠሮ ቀን ተጽፎባት ነበር። «እንዳልረሳ ነው» አለ።

የአላህ ባሮች ሆይ! ነቢያችን እያንዳንዳችን እረኛ እንደ ሆንን፣ ስለ መንጋችንም እንደምንጠየቅ ነግረውናል። ነገ በቂያማ ቀን ነጋዴው ስለ ሚዛኑ ይጠየቃል፤ ባል ስለ ሚስቱ ይጠየቃል፤ ዓሊምም ስለ ሰጠው መልስ ይጠየቃል። ከዚያ ቀን በፊት እርስ በርሳችን እንጠያየቅ።

ጌታችን ሆይ! በቤቶቻችን ውስጥ ፍቅርንና እዝነትን አድርግልን። ያረገዙትን በሰላም አገላግላቸው፤ የሚያጠቡትን አበርታቸው፤ ልጅ ያጡትን መልካም ዘር ስጣቸው። በወሊድ የሞቱብንን እናቶችና እኅቶች ማራቸው፤ ሳናውቅ የተናገርነውንም ይቅር በለን። አሚን።